ሺባ ወይስ አኪታ? ለአዘዞ ግቢ የትኛው ይሆናል?

የአዘዞዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ምክር ፈልጌ ነው። እህቴ ጀርመን ነው የምትኖረው። ለጥምቀት ስትመጣ ቡችላ ይዤላችሁ ልምጣ ብላለች። ሁለት ዝርያ መርጣ ፎቶ ላከችልን፤ ሺባ ኢኑ እና አኪታ። ሁለቱም የጃፓን ናቸው። ጆሯቸው የቆመ፣ ጭራቸው ጀርባቸው ላይ እንደ ቀለበት የተጠቀለለ፣ ፀጉራቸው ድርብ፤ ስፒትዝ ከሚባለው ወገን ናቸው። ልጆቼ ፎቶውን ካዩ ወዲህ ሌላ ወሬ የላቸውም።

ቤታችን እንዲህ ነው። ጎንደር፣ አዘዞ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ። ግቢው ሰፊ ነው፤ አጥሩ ግማሹ ድንጋይ፣ ግማሹ ቆርቆሮ። የ6 እና የ10 ዓመት ልጆች አሉኝ። እምዬ ከእኛ ጋር ናት። 9 ዶሮ አላት፤ ቀኑን ሙሉ ግቢው ውስጥ ሲጭሩ ይውላሉ። ቡሬ የሚባል ወንድ አበሻ ውሻም አለን፤ 7 ዓመቱ ነው። ቤታችን ሰው አይጠፋውም። ማኅበር አለ። ቡና ሲፈላ ጎረቤት ሳያንኳኳ ይገባል። የሠፈር ልጆች ኳሳቸውን ፍለጋ ዘለው ይገባሉ። ማታ ደግሞ ጅብ አለ።

እህቴ «ሁለቱም በራሳቸው ጭንቅላት የሚሄዱ ውሾች ናቸው፤ በደንብ አስቢበት» አለችኝ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ አሳድጎ የሚያውቅ ሰው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል። እኔ የማውቀው ቡሬን ነው። ቡሬ ሲጠሩት ይመጣል።

ፒያሳ፦
አኪታ ነዋ! ሃቺኮ እኮ አኪታ ነው። ጌታው የቶኪዮ ፕሮፌሰር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1925 በድንገት ሞተ። ውሻው እስከ 1935፣ ራሱ እስኪሞት ድረስ፣ ሺቡያ ባቡር ጣቢያ እየሄደ ጠበቀው። ወደ 10 ዓመት ገደማ! ከዚህ በላይ ታማኝ ከየት ይመጣል? ጅብ ካለ ደግሞ ትልቁን መውሰድ ነው። ሺባ እኮ ከድመት ትንሽ ከፍ ቢል ነው።

የሺባ እናት፦
እታለም፣ ፍራንክፈርት ነው የምኖረው፤ ተወልጄ ያደግኩት ግን እዚያው ጎንደር፣ ሳሙና በር ነው። ስለዚህ ግቢሽ ዓይኔ ላይ ነው ያለው። አንዲት ሺባ አሳድጌያለሁ። አሁን 11 ዓመቷ ነው። የማውቀውን ልንገርሽ።

ሺባ ከድመት ትንሽ ከፍ የምትል አይደለችም። ወንዱ እስከ ትከሻው 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ሴቷ 37 ያህል። ክብደቷ 8 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ወንዱ 10 እና ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል። ትንሽ ትሁን እንጂ ኩራቷ የአንበሳ ነው። ንጽሕናዋ ግን እንደ ድመት ነው፤ ይህን እመሰክራለሁ። ጭቃ ከረገጠች ተቀምጣ እግሯን ስትልስ ታመሻለች። ቤት ውስጥ ያቆሸሸችው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንት ብቻ ነው።

አሁን «በራሷ ጭንቅላት» ወደሚለው ልምጣ። ስጠራት ትሰማኛለች። ጆሮዋ ወደኔ ይዞራል። ከዚያ ታስባለች። ዓይኗን አያለሁ፤ ልምጣ ወይስ ልቅር እያለች ነው። እጄ ላይ ሥጋ ካለ ትመጣለች። ከሌለና ፊቷ ላይ ወፍ ካለ አትመጣም። 11 ዓመት ሙሉ ክፍት ቦታ ላይ ያለ ገመድ ለቅቄያት አላውቅም። አንድ ቀን ብቻ፣ ቡችላ እያለች፣ ፖስታ የሚያደርሰው ሰው በሩን ሲያንኳኳ አንድ ስንዝር ከፈትኩ። በእግሬ መሀል ሾልካ ወጣች። የያዝናት ከሦስት ሰዓት በኋላ፣ ከቤቴ በጣም ርቆ ካለ የሰው አትክልት ቦታ ነው። ስትያዝ እንኳን አልደነገጠችም። ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ቤት ነው ብለሻል። ያንን መንገድ አስቢው። ባጃጁ፣ አይሱዙው፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚበረው መኪና።

የዶሮዎቹ ነገር ደግሞ አስደንግጦኛል። ሺባ በተራራ ቁጥቋጦ ውስጥ ወፍና ትናንሽ አውሬ ለማደን የቆየ ዘር ነው። የእምዬን ዶሮ ስታይ ቅጣትም ቁጣም አይመልሳትም። ክፉ ሆና አይደለም፤ የተፈጠረችበት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጥፍሯን ስትቆርጪ ወይም ስታጥቢያት ትጮኻለች። መጮኽ ስልሽ የውሻ ጩኸት አይደለም። እንደ ሰው፣ እንደ ሕፃን ነው። እኔ ጋ ጎረቤት ደንግጦ በሬን አንኳኩቷል።

አዲስ አበባ ነኝ፦
እኔ ያለኝ አኪታ ነው፤ 6 ዓመቱ። ፒያሳ፣ ሃቺኮን በማንሳትህ ደስ ብሎኛል፤ ግን ታሪኩን ሰው በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚያየው። ሃቺኮን ጣቢያ ሂድ ብሎ ያዘዘው የለም። ጌታው ከሞተ በኋላ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር። እሱ ግን እያመለጠ ይሄድ ነበር። ይህ ነው አኪታ። የወደደውን አይተውም፤ የሚወደውን የሚመርጠው ግን ራሱ ነው። ታማኝነትና ታዛዥነት ለየብቻ ናቸው።

የኔው ውሻ እኔን፣ ባለቤቴንና ልጄን ይወዳል። ልጄ ላዩ ላይ ብትተኛበት አይነቃነቅም። የልጄ ጓደኞች ሲመጡ ግን አስረዋለሁ። ሕፃናት ሲጫወቱ ይጯጯሃሉ፣ ይገፋፋሉ። እሱ ያንን እንደ ጠብ ያየዋል። ተነሥቶ በመሀላቸው ይቆማል። አይጮኽም፣ ጥርሱን አያሳይም፣ ዝም ብሎ ይቆማል። 45 ኪሎ ነው። ያቺ ዝምታው ነው የምታስፈራኝ። አበሻ ውሻ ከመንከሱ በፊት አሥር ጊዜ ይነግርሻል። አኪታ አንዴ፣ በዓይኑ፣ ከነገረሽ ነው።

ቤታችን ሰው አይጠፋውም ያልሽው ላይ ቆም በይ። ማኅበርተኛው፣ ቡና ጠጪው፣ ኳስ ፈላጊው ልጅ። አኪታ እንግዳን የሚቀበለው እኔ ካስተዋወቅሁት ብቻ ነው። አጥር ዘሎ የገባ ልጅ እሱ ዘንድ ልጅ አይደለም።

ከዚያ ቡሬ አለ። ወንድ አኪታ ከወንድ ውሻ ጋር አንድ ግቢ አይስማማም። ቡችላ እያለ ይጫወታሉ፣ ታዪና ደስ ይልሻል። ዓመት ተኩል ሁለት ዓመት ሲሞላው ነው ነገሩ የሚለወጠው። ቡሬ ያኔ 9 ዓመቱ ነው። ያሳዝነኛል።

ፒያሳ፦
እውነትህን ነው፣ ይህን አላሰብኩትም። እኔ ከሩቅ ነው የማውቀው። ግን ጅቡስ?

ጋሼ ቀሃ፦
ልጆቼ፣ እኔ ውሻ ማርባት ከጀመርኩ 40 ዓመት አልፎኛል። የፈረንጅ ዘር አይደለም፣ የኛውን ነው። ስለ ጅቡ እኔ ልመልስ።

ጅብን ውሻ አይገድለውም። ውሻ ጅብን ያስነቃል፣ ሰው ያስነሣል፣ ዋናው ሥራው ይህ ነው። ቡሬ ሌሊት ምን እንደሚያደርግ አስተውለሽ ታውቂያለሽ ልጄ? ይጮኻል፣ ወደ በሩ ይሮጣል፣ መልሶ ወደ በረንዳው ይሸሻል፣ እንደገና ይጮኻል። ፈሪ ስለሆነ አይመስልሽ። ብልህ ስለሆነ ነው። ከአንገረብ ወንዝ በኩል የሚመጣው ጅብ 50 ኪሎ፣ 60 ኪሎ ይሆናል፤ ለብቻው ላይመጣም ይችላል። መንጋጋው የበሬ አጥንት ይሰብራል። የኛ ውሻ ይህን ከእናቱ ነው የተማረው።

ይህ አኪታ የምትሉት ድብ ለማደን የኖረ ዘር ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። እንግዲህ ድብ የለመደ ውሻ ጅብ ሲያይ ወደ በረንዳ አይሸሽም። ይወጣል። አንዴ ከወጣ አይመለስም። ትንሹን ደግሞ ጅብ እንደ ጠቦት ተሸክሞት ይሄዳል። ስለዚህ የቱንም ብታመጪ ሌሊት ውጭ ማደር የለበትም። ጠባቂሽ ቡሬ ነው። ቡሬን አክብሪው።

የአዘዞዋ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንቱ እንዳሉት ነው፣ ቡሬ ልክ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። እኔ ፈሪ ነው እያልኩ ስቆጣው ነበር።

ውጭ ማደር የለበትም ያላችሁት ግን ሌላ ችግር አመጣብኝ። እምዬ ውሻ ቤት አይገባም ባይ ናት። የጸሎት ዕቃዋ፣ ሥዕለ አድኅኖው ሳሎን ነው ያለው። በዚህ በኩል አልከራከራትም፣ ልክ ናት።

የከብት ሐኪም፦
የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ እዚሁ ጎንደር ነው የተማርኩት። ስለ ጠባዩ ሌሎች በደንብ ብለውታል። እኔ ስለ ምግቡና ስለ ጤናው ልጻፍ፤ ማንም ስላላነሣው ነው።

መጀመሪያ ሽንኩርት። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል። ጥሬም ይሁን የበሰለ ልዩነት የለውም። ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ ነው። ለማንኛውም ውሻ ጎጂ ነው። አኪታና ሺባ ላይ ደግሞ የተለየ ነገር አለ። ከጃፓን ዘሮች አንዳንዶቹ ቀይ የደም ሕዋሳቸው ውስጥ ፖታሲየም በብዛት ይዘው ይወለዳሉ፤ በዘር የሚተላለፍ ነው። እንዲህ ያለ ደም ያለው ውሻ ከሌላው ይልቅ በሽንኩርት ቶሎ ይጎዳል። አሁን ወጥ ቤታችሁን አስቡት። ቀይ ወጡ፣ አልጫው፣ ሽሮው፣ የዶሮው ቁሌት፤ ያለ ሽንኩርት የሚሠራ ምን አለ? ለውሻ የሚደፋው ፍርፋሪ በሙሉ ሽንኩርት ነው። ቡሬ የለመደውን ትርፍራፊ ለዚህ ቡችላ መስጠት አይቻልም። ድዱ ከነጣ፣ ሽንቱ ወደ ቡናማ ቀይ ከሄደ፣ ከተልፈሰፈሰ፣ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ደም ሲመረመርም ፖታሲየሙ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። ዝርያውን ለሐኪሙ ንገሩት፤ አለዚያ በሌላ በሽታ ይጠረጥረዋል።

ሁለተኛ ጾም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ቤቱ ሲጾም ሥጋ ቤቱም ይዘጋል። ቡችላው ግን በእንጀራና በሽሮ አያድግም። እዚህ ላይ የእምዬ ዶሮዎች ይጠቅማሉ። ዶሮ በጾም መጣል አያቆምም፤ እንቁላሉን ደግሞ የሚበላው የለም። ቀቅሎ ከሩዝ ጋር መስጠት ነው። ለቡችላ የተዘጋጀ ደረቅ ምግብ ከተገኘ ደግሞ እሱ ይቅደም።

ሦስተኛ የበዓል በግ። ስታርዱ ጉበቱን ወይም ሳንባውን አይታችሁት ታውቃላችሁ፤ ውሃ የቋጠረ፣ እንደ ወይን ፍሬ ያበጠ ነገር ሲኖርበት። ያንን ለውሻ አትወርውሩ። የትል ቋት ነው። ውሻው ይበላዋል፣ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ከዚያ ልጆቻችሁ እጅ ላይ ነው። ሰው ጉበት ላይም ያንኑ ቋት ይሠራል። ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ይህ ለቡሬም ነው።

ስለ በሽታ በአጭሩ፦ ሺባ ቆዳው ይቆጣል፣ ያሳክከዋል፤ የጉልበት ሎሚው ይንሸራተታል፤ አንዳንዱ የዓይን ግፊት ይይዘዋል። አኪታ ደግሞ ሰውነቱ ራሱን የሚያጠቃበት የቆዳና የዓይን በሽታ ያገኘዋል። ትልቅና ደረተ ጥልቅ ስለሆነም ሆዱ ተነፍቶ ሊጠመዘዝበት ይችላል። ያ በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ካላገኘ ይገድለዋል። እኔ በበኩሌ አኪታን ለዚህ ከተማ የምፈራው ከምንም በላይ በዚህ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ የት ይወሰዳል?

የሺባ እናት፦
ስለ ሽንኩርቱ ይህን ያህል አላውቅም ነበር። እኔ ዝም ብዬ አልሰጣትም እንጂ። አመሰግናለሁ ዶክተር።

የአዘዞዋ፦
እኔም እንደዚሁ፤ ሽንኩርት ውሻ ይጎዳል ብሎ የነገረኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። ዶክተር፣ ሙቀቱስ? ይህ ሁሉ ፀጉር በመጋቢትና በሚያዝያ ምን ይሆናል? ልንላጨው እንችላለን?

የከብት ሐኪም፦
አትላጩት! የላይኛው ፀጉር ፀሐይ ይከላከልለታል። ላጭታችሁት ተመልሶ በደንብ ላይበቅልም ይችላል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ይህ ይረዳዋል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ቀኑን ጥላ፣ ብዙ ውሃ፤ መራመድ ጠዋት ከ1 ሰዓት በፊትና ፀሐይ ስትጠልቅ። የውስጠኛው ፀጉር በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ተነቃቅሎ ይወርዳል። ያኔ በየቀኑ ማበጠር ነው። የሚወጣው ብዛቱ ያስደነግጣችኋል፣ ግን በሽታ አይደለም። ለኔ ከሙቀቱ ይልቅ ክረምቱ ነው የሚያሳስበኝ። ከሰኔ እስከ መስከረም ርጥብ ፀጉር ቆዳውን ያበሰብሳል። መዥገርና ቁንጫም አለ። ዝናብ የማይገባበት፣ ከመሬት ከፍ ያለ ማደሪያ ያስፈልገዋል።

ክትባቱን ደግሞ እህትሽ ከወዲሁ ትጀምር። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አብዛኛውን ጊዜ ከ3 ወር በፊት አይሰጥም። ስለዚህ ለጥምቀት የሚደርሰው ቡችላ ከዚያ ያለፈ መሆን አለበት። የጤና ሰርተፊኬቱን ጀርመን ያለ ሐኪም ያዘጋጅላታል። እዚህ ከገባ በኋላ በየዓመቱ ይደገም። ቡሬስ ተከትቧል?

የአዘዞዋ፦
ቡሬ አንድ ጊዜ ተከትቧል፣ አራት ዓመት ሳይሆነው አይቀርም።

ደባርቅ፦
እህቴ፣ ቡሬን ነገ ውሰጂው። እኔ ስሜን ተራሮች እንግዳ የምመራ ሰው ነኝ። ቀይ ቀበሮአችን በዓለም ላይ የቀረው ጥቂት መቶ ብቻ ነው። የሚጨርሰው ጥይት አይደለም። ከቤት ውሻ የሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር የሚባለው ተላላፊ የውሻ በሽታ ነው። ባሌ ላይ እ.ኤ.አ. በ2003 የተነሣው ብዙ ቀበሮ ገድሏል። ወደ ደባርቅ ዘመድ ጥየቃ ውሻ ጭናችሁ የምትመጡም አላችሁ። ያልተከተበ ውሻ ይዛችሁ አትውጡ፣ እለምናችኋለሁ። ለልጆችሽም ቢሆን ያው ነው። በሽታው አንዴ ምልክት ካሳየ መድኃኒት የለውም።

አዲስ አበባ ነኝ፦
አንድ ነገር ልጠይቅሽ እታለም። እህትሽ እነዚህን ሁለቱን ለምን መረጠች? ውሻ ግቢ ጠብቆ ለልጅም ይታዘዝ ከተባለ ስፒትዝ አይደለም መጀመሪያ የሚመጣው። ሺባም አኪታም አደን ላይ ከሰው ርቆ ራሱ የሚወስን ውሻ ነበር። ያንን ጠባይ አሁን አጥፋ ማለት አይቻልም። ከወደዳችሁት እንደ እንግዳ አክብራችሁ፣ ወሰን አበጅታችሁ ነው የምትኖሩት። እኔ አኪታዬን በምንም አልለውጠውም። ማታ ደክሞኝ ስገባ አይዘልብኝም። ይመጣና ግንባሩን ጉልበቴ ላይ ያስደግፋል። ትንሽ ቆይቶ ይሄዳል። ለኔ ይበቃኛል። ለልጅ ግን ላይበቃ ይችላል።

የአዘዞዋ፦
እውነቱን ልንገራችሁ። የመረጠችው ለእምዬ ነው። አባታችን ካረፈ ወዲህ እምዬ ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ናት። እኔ ሥራ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት። እህቴ ጀርመን ያሉ አንዲት ጎረቤቷ፣ ትልቅ ሴት፣ ከሺባቸው ጋር ሲቀመጡ ታያለች። ውሻው አይነዘንዛቸውም። አጠገባቸው ይቀመጣል፣ አብረው ደጅ ያያሉ። «እምዬንም እንደዚህ ማየት እፈልጋለሁ» አለችኝ። አኪታን ያነሣው ባለቤቷ ነው፤ ለጅቡ ብሎ።

የሺባ እናት፦
ይህን መጀመሪያ ብትነግሪን! እንዲህ ከሆነማ ሺባ ናት፣ ያውም ሴት። ከቡሬም ጋር ትስማማለች፤ ምናልባት እሷ ታዘው ይሆናል እንጂ። የኔዋ ልክ እንደዚያ ነች። አትታቀፍም። ግን ወጥ ቤት ስሆን ወጥ ቤቱ በር ላይ፣ መስኮት ሥር ስሆን መስኮት ሥር ናት። ነጠላ ዘርግቼ ጸሎት ሳደርስ እንኳን ራቅ ብላ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። እናትሽ ትወዳታለች። ትልቅ አኪታ ግን ገመዱን ቢስብ እምዬን ይጥላታል።

ጋሼ ቀሃ፦
እናትሽን ጠይቂያት ልጄ። ሳትጠየቅ የገባ እንስሳ አይባረክም።

የአዘዞዋ፦
(ከሦስት ቀን በኋላ)

ጠየቅኋት። ፎቶውን አሳየኋት። ስልኩን አራቅ አቀረብ አድርጋ አየችውና «ቀበሮ ነው?» አለችኝ። ውሻ ነው አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሽንኩርቱን፣ ዶሮውን፣ ጅቡን። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «ሳሎን አትገባም። በረንዳዋን ዝጉላት፤ እዚያ ትደር» አለች። «ትደር» ያለችው ለሴት ነው። ሴት መሆኗን ገና አልነገርኳትም ነበር።

እህቴ ሴት ሺባ ልትፈልግ ነው። ቡሬ ትናንት ተከተበ፤ ደባርቅ፣ አመሰግንሃለሁ። በረንዳዋን ግማሽ ግንብ አድርገን ከላዩ ፍርግርግ እናስገባለን፤ በር ይኖራታል። ከውጭ በሩ ፊት ለፊት ሁለተኛ አጭር በር እናቆማለን፤ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም። ይህንን የ10 ዓመቱ ልጄ ነው ያመጣው። ዶሮዎቹ ከጓሮ በሽቦ መረብ ይታጠራሉ። እምዬ እዚህ ላይ ትንሽ ከፍቷታል፤ ዶሮዎቿ እንደ ልብ ይዞሩ ነበር። ግን ተስማምታለች።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። መረቡን መሬት ላይ ነው የምናሳርፈው ወይስ እንቀብረዋለን?

የሺባ እናት፦
ቅበሩት። ትቆፍራለች። አንድ ክንድ ያህል ወደ ታች አስገቡና ጫፉን ወደ ውጭ አጥፉት፤ ላዩ ላይ ድንጋይ ደርድሩበት። ከላይም ክደኑት፤ የቆርቆሮው አጥር አጠገብ ከሆነ በሱ ተንጠላጥላ ትገባለች።